የማኩላ ቀዳዳ ቀዶ ሕክምና ከመደረጉ በፊትና ከተደረገ በኋላ የሬቲናን የደም ሥሮች ምስል ማንሣት፦ ለሰሜን ሸዋ የዓይን ጤና ባለሙያዎች የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

ማኩላ የሬቲና፣ ማለትም ብርሃንን የሚቀበለው የዓይን የኋላ ሽፋን፣ መሐለኛ ክፍል ነው። የማኩላ ቀዳዳ በቀዶ ሕክምና ሲዘጋ በዙሪያው የሚገኙት ረቂቅ የደም ሥሮች ከነበሩበት ቦታ ወደ መሐል ይሰበሰባሉ፤ ቅርጻቸውም ይለወጣል። ይህን ለውጥ በክንድ ላይ መርፌ ሳይወጉና ቀለም ሳይሰጡ ለማየት የሚያስችለው ምርመራ የኦሲቲ አንጂዮግራፊ፣ ማለትም በብርሃን ሞገድ የደም ሥሮችን የሚያሳይ ቅኝት፣ ነው። ምርመራው ራሱ ጥቂት ሰከንዶችን ብቻ የሚወስድ ቢሆንም ከቀዶ ሕክምናው በፊት የተነሣውን ምስል በኋላ ከተነሣው ጋር ማነጻጸር የሚቻለው ሁለቱም በአንድ ዓይነት መሣሪያ፣ በአንድ ዓይነት ስፋት፣ በአንድ ዓይነት የንብርብር ወሰንና በተቀራረበ የምስል ጥራት ሲነሡ ብቻ ነው። ከዚህ በታች የተዘረዘረው እርምጃ ሁሉ የሚያገለግለው ይህን አንድ ዓላማ ነው።

መመሪያው የተዘጋጀው በደብረ ብርሃን፣ በመሐል ሜዳ፣ በዓለም ከተማ፣ በደብረ ሲና፣ በሸዋ ሮቢትና በአጣዬ ታካሚዎችን ለሚያዩ ኦፕቶሜትሪስቶች፣ የዓይን ሞራ ቀዶ ሐኪሞችና የዓይን ነርሶች፣ እንዲሁም መሣሪያው ባለበት ማዕከል ምስሉን ለሚያነሡ ባለሙያዎች ነው። ታካሚው የሚጀምረውም ሆነ የሚጨርሰው በአካባቢው ባለው ባለሙያ እጅ ስለሆነ የሥራው ግማሽ የሚሠራው ምስሉ ከሚነሣበት ክፍል ውጭ ነው።

ምስሉ የሚያሳየው ምንድን ነው?

የዓይንን የኋላ ክፍል በብርሃን ሞገድ ንብርብር በንብርብር የሚቃኘው ኦሲቲ ለመጀመሪያ ጊዜ ይፋ የሆነው በአውሮፓ አቆጣጠር በ1991 ነው። በዚያው ዓመት ኬሊና ዌንደል የተባሉ ሐኪሞች የማኩላ ቀዳዳ በቪትሬክቶሚ (የዓይንን ውስጥ የሚሞላውን ቪትረስ የተባለ ዝልግልግ ነገር በሚያወጣ ቀዶ ሕክምና) ሊዘጋ እንደሚችል አሳዩ፤ ከዚያ በፊት በሽታው መድኃኒት እንደሌለው ይቆጠር ነበር። የደም ሥሮችን የሚያሳየው የኦሲቲ አንጂዮግራፊ ወደ ክሊኒኮች የገባው ግን ከሁለት ዐሥርት ዓመታት በላይ ዘግይቶ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መሣሪያው አንዱን የሬቲና መስመር በጣም በአጭር ጊዜ ውስጥ ደጋግሞ ይቃኛል። የማይንቀሳቀሰው ሥጋ በየጊዜው ተመሳሳይ ምልክት ሲመልስ በደም ሥር ውስጥ የሚፈሱት ቀይ የደም ሕዋሳት ግን በየቅኝቱ የተለየ ምልክት ይመልሳሉ፤ መሣሪያው ይህን ልዩነት ለቅሞ የደም ሥር ካርታ ይሠራል። ስለዚህ ምስሉ የሚያሳየው የደም ሥሩን ግድግዳ ሳይሆን እንቅስቃሴን መሆኑን ሁልጊዜ ማስታወስ ያስፈልጋል። ደሙ እጅግ በዝግታ የሚፈስበት ካፒላሪ (እጅግ ረቂቅ የደም ሥር) በምስሉ ላይ ላይታይ ይችላል፤ ጨለማ ቦታ ሁሉ የሞተ የደም ሥር ነው ብሎ መደምደም ስሕተት ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር ከ1961 ጀምሮ በሚታወቀው፣ ቀለም በመርፌ በሚሰጥበት የፍሎረሰሲን አንጂዮግራፊ የሚታየው የፈሳሽ መፍሰስም በዚህ ምርመራ አይታይም። በሌላ በኩል ፍሎረሰሲን ማቅለሽለሽን፣ አልፎ አልፎም ብርቱ አለርጂን ስለሚያስከትል አንድን አረጋዊ ታካሚ በአንድ ዓመት ውስጥ ደጋግሞ ለመመርመር አዲሱ ዘዴ በእጅጉ የተሻለ ነው።

ለማኩላ ቀዳዳ ሦስት ንብርብሮች ይታያሉ፤ እነርሱም የላይኛው የካፒላሪ መረብ፣ ጥልቁ የካፒላሪ መረብ እና ከሬቲና ሥር ያለው ኮርዮካፒላሪስ የተባለው የካፒላሪ ንብርብር ናቸው። በማኩላው መሐል፣ ማለትም በፎቪያ፣ በተፈጥሮ የደም ሥር የሌለበት ክብ መሰል ቦታ አለ፤ በዚህ ጽሑፍ ደም ሥር አልባ ክልል እንለዋለን። ስፋቱ በጤነኛ ዓይን በአብዛኛው ከ0.2 እስከ 0.4 ካሬ ሚሊሜትር ሲሆን ከሰው ሰው በጣም ይለያያል። ታካሚን ከሌላ ሰው ጋር ከማነጻጸር ይልቅ ከራሱ የቀድሞ ምስልና ከራሱ ጤነኛ ዓይን ጋር ማነጻጸር የሚሻለው በዚህ ምክንያት ነው።

አንደኛ እርምጃ፦ ቀዳዳውን በአካባቢው መለየትና ታካሚውን በሚገባ መላክ

የማኩላ ቀዳዳ በብዛት የሚታየው ዕድሜያቸው ከ60 ዓመት ባለፈ ሰዎች ላይ ሲሆን ሴቶች ከወንዶች በበለጠ ይጠቃሉ። አንደኛው ዓይን ጤነኛ ከሆነ ታካሚው ለወራት ሳያስተውለው ሊቆይ ይችላል። ዳዊት የሚደግሙ አባት አንዱን ዓይን ሲከድኑ መሐል ላይ ያለው ፊደል እንደሚጠፋባቸው፣ ፈትል የሚፈትሉ እናት ክሩ መሐሉ ላይ እንደተሰበረ ሆኖ እንደሚታያቸው ሲናገሩ «የዓይን ሞራ ነው» ብሎ ከማለፍ በፊት ማኩላውን ማየት ይገባል። በወጣቶችና በልጆች ላይ ደግሞ ጅራፍ፣ ድንጋይ ወይም የእንጨት ፍላጭ ዓይንን ሲመታ ቀዳዳ ሊከፈት ይችላል፤ ይህ ዓይነቱ ቀዳዳ አንዳንድ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ወራት በራሱ ስለሚዘጋ ክትትሉም የተለየ ነው።

በስሊት ላምፕ (ቀጭን ብርሃን በሚያሳርፍ የዓይን ማጉያ መሣሪያ) እና በእጅ በሚያዝ ሌንስ ማኩላውን ሲያዩ ቀጭን ቀጥ ያለ የብርሃን መስመር በፎቪያ ላይ ያሳልፉና «መስመሩ ቀጥ ያለ ነው ወይስ መሐሉ ተቆርጧል?» ብለው ይጠይቁ። ተቆርጧል የሚል ታካሚ ሙሉ ቀዳዳ እንዳለው አጥብቆ መጠርጠር ይቻላል። የእይታ መጠኑን ለእያንዳንዱ ዓይን ለየብቻ፣ ፊደል ለማያነቡ ታካሚዎች በኢ ሰሌዳ፣ ይለኩና ይመዝግቡ።

በመላኪያ ወረቀቱ ላይ ሊጻፉ የሚገባቸው ነገሮች ብዙ ጊዜ ይዘነጋሉ። ምልክቱ የጀመረበት ጊዜ፣ የዓይን ሞራው ደረጃ፣ በትራኮማ ምክንያት በኮርኒያ (ብርሃን በሚያሳልፈው የዓይን የፊት ሽፋን) ላይ የቀረ ጠባሳ መኖር አለመኖሩ፣ የስኳርና የደም ግፊት ሁኔታ፣ የዓይን ግፊት ልኬት፣ እንዲሁም ታካሚው የሚኖርበት ቦታ በግልጽ መጻፍ አለባቸው። ስኳር የካፒላሪ መረቡን በራሱ ስለሚጎዳ ካልተጻፈ በኋላ ላይ የሚታየው ጉዳት በቀዶ ሕክምናው ሊመካኝ ይችላል። የመኖሪያ ቦታው ለምን እንደሚያስፈልግ ስለ ጋዝ በሚናገረው ክፍል ይብራራል።

ሁለተኛ እርምጃ፦ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ለሚነሣው ምስል ታካሚውን ማዘጋጀት

የዓይን ብሌንን የሚያሰፋ ጠብታ፣ ለምሳሌ 1 በመቶ ትሮፒካማይድ፣ ከመጨመርዎ በፊት የዓይኑ የፊት ማዕዘን ጠባብ አለመሆኑን ያረጋግጡ። የተጠቀሙበትን ጠብታ ስምና መጠን ይመዝግቡ፤ ከቀዶ ሕክምናው በኋላም ያንኑ ይጠቀሙ። የደም ግፊቱን በዕለቱ ይለኩ። ካፌይን የሬቲናንና የኮሮይድን (ከሬቲና ሥር ያለውን የደም ሥር ሽፋን) የደም ፍሰት ለጊዜው ስለሚቀንስ ታካሚው ምስሉ ከመነሣቱ በፊት ባሉት ሰዓታት ቡና እንዳይጠጣ አስቀድመው ይንገሩ። ማለዳ ከመናኸሪያ ወርዶ ቡና ጠጥቶ የመጣን ሰው በአንዱ ቀጠሮ፣ በጾም ምክንያት ምንም ሳይቀምስ የመጣውን ያንኑ ሰው ደግሞ በሌላው ቀጠሮ መመርመር በሁለቱ ምስሎች መካከል ከቀዶ ሕክምናው ያልመጣ ልዩነት ይጨምራል።

የደረቀ ዓይን ምስልን ያደበዝዛል። በጭስ ቤት ውስጥ ለዓመታት በኖሩ እናቶችና በቆላ አቧራ በሚሠሩ ገበሬዎች ላይ ይህ የተለመደ ስለሆነ ከቅኝቱ ጥቂት ቀደም ብሎ አርቴፊሻል እንባ መጨመርና ታካሚው ደጋግሞ እንዲጨፍን ማድረግ ብዙ ጊዜ የምስሉን ጥራት በግልጽ ያሻሽላል።

ትልቁ ችግር ዓይንን አንድ ቦታ ላይ ማሳረፍ ነው። የማኩላ ቀዳዳ ያለበት ሰው በመሣሪያው ውስጥ ያለችውን የማተኮሪያ መብራት በመሐል እይታው ሊያያት አይችልም፤ ስለዚህ ዓይኑ በቀዳዳው ጠርዝ ሊያያት እየፈለገ ይዋልላል፤ ምስሉም ከፎቪያ ወጥቶ ይነሣል። መፍትሔው መሣሪያው የሚፈቅድ ከሆነ የማተኮሪያውን ምልክት ማተለቅ፣ ወይም በውጭ በኩል ያለችውን መብራት በጤነኛው ዓይን እንዲያዩ ማድረግ ነው። ታካሚዋን ከማስቀመጥዎ በፊት ምን እንደሚሆን በእርጋታ ያስረዱ፤ «እማማ፣ በደኅናው ዓይንዎ መብራቷን ብቻ ይመልከቱ። አሁን ይጨፍኑ፣ ይግለጡ፤ እስክነግርዎ ድረስ እንዳይነቃነቁ» ማለት በቂ ነው። አገጫቸው በሚገባ ያልተቀመጠ ወይም ጀርባቸው የጎበጠ አረጋውያን ወንበሩ ከፍ ወይም ዝቅ ካልተደረገላቸው ለአምስት ሰከንድ እንኳ ጸንተው መቆየት አይችሉም፤ መሣሪያውን ከመውቀስ በፊት ወንበሩን ማስተካከል ይቀድማል።

ሦስተኛ እርምጃ፦ ቅኝቱን ማካሄድ

በቅድሚያ የተለመደውን የኦሲቲ ቅኝት ያንሡ፤ የቀዳዳውን ዝቅተኛ ስፋትም በሁለቱ ጠርዞች መካከል በጣም ጠባብ በሆነው ቦታ ላይ፣ ከንብርብሮቹ ጋር ትይዩ በሆነ መስመር ይለኩ። በአውሮፓ አቆጣጠር በ2013 በወጣው ዓለም አቀፍ ምደባ መሠረት እስከ 250 ማይክሮን ያለው ትንሽ፣ ከ250 በላይ እስከ 400 ያለው መካከለኛ፣ ከ400 በላይ የሆነው ደግሞ ትልቅ ቀዳዳ ይባላል። ቪትረስ ማኩላውን እየጎተተ መሆን አለመሆኑንም አብረው ይመዝግቡ።

ቀጥሎ 3 በ3 ሚሊሜትር የሆነ የአንጂዮግራፊ ቅኝት በፎቪያ ላይ ያካሂዱ። ስፋቱ ትንሽ ስለሆነ የቅኝት መስመሮቹ ተቀራርበው ያርፋሉ፤ ካፒላሪዎቹም ጥርት ብለው ይታያሉ። ከዚያ 6 በ6 ሚሊሜትር የሆነውን ይጨምሩ፤ ይህኛው ዝርዝሩ ያነሰ ቢሆንም በሬቲናው መጎተት ምክንያት ትላልቆቹ የደም ሥሮች ምን ያህል እንደተንቀሳቀሱ የሚታየው በእርሱ ነው። ከተቻለ የዓይን ነርቭ ራስና ፎቪያ አብረው የሚታዩበት አንድ ሰፊ ምስል ያንሡ። ሁሉም በሁለቱም ዓይኖች ላይ ይደረጋል። ጤነኛው ዓይን ካልተነሣ ለንጽጽሩ መለኪያ የሚሆን ነገር አይኖርም፤ ጊዜ አጠረ ተብሎ መተው የሌለበት ነገር ቢኖር ይህ ነው።

እያንዳንዱን ምስል ታካሚው ከወንበሩ ሳይነሣ ይመርምሩት። የምልክት ጥንካሬን ከ10 በሚሰጡ መሣሪያዎች ላይ ቢያንስ 7 ያላገኘ ምስል ለልኬት አይውልም። ነጫጭ አግድም መስመሮች ወይም የተቆራረጡና የተደራረቡ የደም ሥሮች ዓይኑ መንቀሳቀሱን ያመለክታሉ። በአንድ ጥግ ብቻ የጠቆረ ቦታ ካለ ከዓይን ሞራ ወይም ከኮርኒያ ጠባሳ የመጣ ጥላ መሆኑን ለማረጋገጥ የዓይኑን አቀማመጥ ትንሽ ቀይረው ደግመው ያንሡ፤ ጥላው ቦታውን ከለወጠ የደም ሥር ጉዳት አይደለም።

አራተኛ እርምጃ፦ የንብርብር ወሰኖችን ማረም

መሣሪያው ንብርብሮቹን በራሱ የሚለየው በጤነኛ ሬቲና ላይ እንዲሠራ በተዘጋጀ ስሌት ነው። በማኩላ ቀዳዳ ላይ ግን ጠርዞቹ አብጠው ወደ ላይ ይነሣሉ፤ በውስጣቸውም ፈሳሽ የቋጠሩ ከረጢቶች አሉ፤ መሐሉ ላይም የሚለይ ንብርብር የለም። ስለዚህ አውቶማቲኩ መስመር በጠርዙ ላይ ይዘላል ወይም ወደ ቀዳዳው ውስጥ ይወርዳል፤ የላይኛው መረብ የሆነው ወደ ጥልቁ፣ ጥልቁ ደግሞ ወደ ላይኛው ተደባልቆ ይታያል። መፍትሔው የጎን ቁርጡን ምስል አንድ በአንድ እያዩ መስመሩን በእጅ ማስተካከል ነው። አድካሚ ሥራ ነው፤ ቢሆንም ይህ ሳይደረግ የወጣ የደም ሥር ጥግግት (የደም ሥሮች በምስሉ ላይ የያዙት ድርሻ) ቁጥር በሪፖርት ላይ ባይጻፍ ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ከላይ ያሉት ትላልቅ የደም ሥሮች ምስላቸውን በታችኛው ንብርብር ላይ ስለሚጥሉ ይህን የሚያጠፋው ማጣሪያ በርቶ እንደሆነ ወይም ጠፍቶ እንደሆነ ይመዝግቡ፤ በኋላም በዚያው ሁኔታ ይጠቀሙ። የላይኛውና የጥልቁ መረብ ወሰን ከአምራች አምራች ስለሚለያይ በአንድ ኩባንያ መሣሪያ የተነሣን ምስል በሌላው ከተነሣው ጋር በቁጥር ማነጻጸር አይቻልም። የሶፍትዌሩ ዕትም በመካከል ከተለወጠ የመጀመሪያውን ምስል በአዲሱ ዕትም እንደገና ማስላት ይገባል።

አምስተኛ እርምጃ፦ የመጀመሪያውን ምስል ማንበብና መለካት

ከቀዶ ሕክምናው በፊት ደም ሥር አልባው ክልል ከጤነኛው ዓይን ሰፍቶ ይታያል። ምክንያቱ የካፒላሪዎች መሞት ሳይሆን ቀዳዳው ሲከፈት ጠርዞቹ ከነደም ሥሮቻቸው ወደ ውጭ መገፋታቸው ነው። በጥልቁ መረብ ላይ በቀዳዳው ዙሪያ እንደ አበባ ቅጠል የተደረደሩ ጥቁር ቦታዎች ይታያሉ፤ እነዚህ ፈሳሽ የቋጠሩት ከረጢቶች የደም ሥሮችን የገፉባቸው ቦታዎች ናቸው። በኮርዮካፒላሪስ ላይ ከቀዳዳው ዙሪያ ፍሰቱ የቀነሰ ሆኖ ሊታይ ይችላል፤ ከዚህ ውስጥ ግን ያበጠው ጠርዝ የጣለው ጥላ ድርሻ ስላለው እዚህ ላይ ድምዳሜን መቆጠብ ይሻላል።

ደም ሥር አልባውን ክልል ሲለኩ ወሰኑን የመጨረሻዎቹን ካፒላሪዎች ተከትለው በእጅ ይሣሉ። ሁለት ሰዎች አንዱ የሌላውን ሳያይ ቢለኩና አማካዩ ቢወሰድ ልኬቱ ይታመናል። መሣሪያው ስፋትን የሚያሰላው የዓይኑ ርዝመት 24 ሚሊሜትር ገደማ ነው ብሎ ስለሆነ በጣም ረጅም ወይም አጭር በሆነ ዓይን ላይ ቁጥሩ ከእውነተኛው ይርቃል። በአንድ ዓይን የፊትና የኋላ ንጽጽር ላይ ይህ ብዙም አያሳስብም፤ የተለያዩ ሰዎችን ለማነጻጸር ግን የዓይኑን ርዝመት ለክቶ ማስተካከል ግዴታ ነው።

ስድስተኛ እርምጃ፦ ከቀዶ ሐኪሙ ሊገኝ የሚገባው መረጃ

በቪትሬክቶሚ ቪትረሱ ይወጣል፤ ከዚያ በሬቲናው ገጽ ላይ ያለው ውስጠኛው ገዳቢ ስስ ሽፋን በቀለም ተለይቶ ይገፈፋል፤ በትልልቅ ቀዳዳዎችም ሽፋኑ ተገልብጦ ቀዳዳው ላይ ሊደረብ ይችላል፤ በመጨረሻም ዓይኑ በአየር ወይም በጋዝ ይሞላል። ትንንሽና መካከለኛ ቀዳዳዎች በዚህ መንገድ ከ90 በመቶ በላይ ይዘጋሉ። ምስሉን ለሚያነብ ሰው አራት ነገሮች በወረቀት ሊደርሱት ይገባል፤ እነዚህም የተገፈፈው ሽፋን ስፋትና አቅጣጫ፣ ተገልብጦ የተደረበ እንደሆነ፣ ጥቅም ላይ የዋለው ቀለም፣ እንዲሁም የጋዙ ዓይነት ከነቀኑ ናቸው። የዓይን ሞራው አብሮ ወጥቶ ከሆነ ይህም ይጻፍ።

ሰባተኛ እርምጃ፦ ጋዙ፣ መንገዱና ጣርማ በር

ለሰሜን ሸዋ ታካሚዎች ከማንኛውም ነገር በላይ መታወቅ ያለበት ይህ ክፍል ነው። በዓይን ውስጥ የቀረ ጋዝ የውጭው የአየር ግፊት ሲቀንስ ይሰፋል፤ ዓይን ደግሞ የተዘጋ ክፍል ስለሆነ የዓይን ግፊት ይጨምራል። ግፊቱ እጅግ ከጨመረ ወደ ሬቲና የሚገባው ደም ይቋረጣል፤ ልንመረምራቸው የፈለግናቸው የደም ሥሮችም በመንገድ ላይ ሊሞቱ ይችላሉ።

የአዲስ አበባ ከፍታ 2400 ሜትር ገደማ ሲሆን ደብረ ብርሃን ወደ 2800 ሜትር ትጠጋለች። በዚህ ልዩነት ብቻ የአየር ግፊቱ ወደ 30 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ያህል ይቀንሳል። መሐል ሜዳ ከ3000 ሜትር በላይ ላይ ትገኛለች። የሸዋ ሮቢትና የአጣዬ ታካሚ ቤቱ ቆላ ቢሆንም ከ3000 ሜትር በላይ ያለውን ጣርማ በርን ሳያልፍ አይደርስም፤ በዚያ ላይ ግፊቱ ከአዲስ አበባው ከ50 ሚሊሜትር ሜርኩሪ በላይ ይቀንሳል። በጣርማ በር ካለው የመንገድ ዋሻ ወጥቶ በደብረ ሲና በኩል ወደ ቆላ ሲወርድ ደግሞ ጋዙ ይኮማተርና ዓይኑ ይላላል። ብዙ ታካሚዎች «በአውሮፕላን አትሂዱ» መባላቸውን ያስታውሳሉ፤ ትእዛዙም ትክክል ነው። ነገር ግን የመንገደኛ አውሮፕላን ውስጥ ያለው የአየር ግፊት የሚስተካከለው በ2400 ሜትር ገደማ ካለው ከፍታ ባልበለጠ መጠን ስለሆነ የአውቶቡስ መንገዱ ከዚያ ከፍ ወዳለ ቦታ እንደሚወስዳቸው የሚነግራቸው ሰው ያስፈልጋል።

ስለዚህ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ቀዶ ሐኪሙ የታካሚውን መኖሪያና የመመለሻ መንገድ እንዲያውቅ ያድርጉ። አየር ብቻ ከሆነ በአንድ ሳምንት ገደማ፣ ኤስኤፍ6 የተባለው ጋዝ በሁለት ሳምንት ገደማ፣ ሲ3ኤፍ8 የተባለው ደግሞ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ውስጥ ይጠፋል። ከተቻለ ታካሚው ጋዙ እስኪጠፋ አዲስ አበባ በዘመድ ቤት ይቆይ፤ ካልተቻለ ቀዶ ሐኪሙ በቶሎ የሚጠፋውን ወይም የማይሰፋውን የሲሊኮን ዘይት ሊመርጥ ይችላል፤ ዘይቱ ግን በሌላ ቀዶ ሕክምና መውጣት አለበት። የጉዞ ፈቃዱን የሚሰጠው ዓይኑን ያየው ሐኪም ብቻ ነው። በጉዞ ላይ ብርቱ የዓይን ሕመም፣ ማቅለሽለሽ ወይም ድንገተኛ የእይታ መጨለም ከተሰማቸው ወደ ላይ መጓዙን አቁመው ወደ ዝቅተኛው ቦታ እንዲመለሱና በአስቸኳይ ሐኪም ዘንድ እንዲሄዱ ለታካሚውም ለአስታማሚውም ይንገሩ። ጋዙ ባለበት ጊዜ ለሌላ ሕመም ማደንዘዣ ቢያስፈልጋቸው ናይትረስ ኦክሳይድ እንዳይሰጣቸው የሚያስጠነቅቅ ወረቀት በኪሳቸው ወይም አምባር በእጃቸው ይኑር።

ቁስሉ ሳይጠግግ ውኃ ወደ ዓይን እንዳይገባም ይንገሩ። ወደ ጻድቃኔ ማርያም ወይም ወደ ሸንኮራ ዮሐንስ ጸበል ለመሄድ የተሳሉ እናቶችና አባቶች ይኖራሉ፤ ስእለታቸውን በአክብሮት ሰምቶ ሐኪሙ እስኪፈቅድ ድረስ ዓይናቸው እንዳይነካ መጠየቅ ከመከልከል ይልቅ ይሰማል።

ስምንተኛ እርምጃ፦ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ምስሉን ማንሣት

በጋዝ በተሞላ ዓይን ውስጥ ለልኬት የሚሆን የደም ሥር ምስል አይገኝም። ቀዳዳው መዘጋቱን ብቻ ለማየት በተለመደው ኦሲቲ መሞከር ይቻላል፤ የአንጂዮግራፊውን ግን ጋዙ ፈጽሞ ከጠፋ በኋላ ያንሡ። በተግባር የሚመቸው ጊዜ ኤስኤፍ6 ለተሰጣቸው አንድ ወር፣ ሲ3ኤፍ8 ለተሰጣቸው ሁለት ወር ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ለሁሉም በሦስተኛው፣ በስድስተኛውና በዐሥራ ሁለተኛው ወር ይደገማል። ከጥር እስከ ግንቦት ያሉትን ቀጠሮዎች ገበሬዎች በተሻለ ሁኔታ ይጠብቃሉ፤ በክረምት የእርሻ ወቅት የሚውል ቀጠሮ ግን ብዙ ጊዜ ይቀራል። ሦስቱንም ማድረግ ካልተቻለ የስድስተኛውን ወር ይያዙ፤ በእኔ እምነት ብዙ የሚናገረው እርሱ ነው።

ከሁለተኛው እስከ አራተኛው እርምጃ የተጠቀሰው ዝግጅት፣ ጠብታ፣ የቅኝት ስፋትና የማጣሪያ ሁኔታ እንዳለ ይደገም። መሣሪያው የቀድሞውን ምስል ተከትሎ በዚያው ቦታ ላይ እንዲያነሣ የሚያደርግ የክትትል ዘዴ ካለው ይጠቀሙበት፤ ሆኖም ሽፋኑ ከተገፈፈ በኋላ ማኩላው ራሱ ስለሚንቀሳቀስ በአዲሱ ምስል ላይ ፎቪያው መሐል ላይ መዋሉን በዓይንዎ ያረጋግጡ።

ዘጠነኛ እርምጃ፦ ሁለቱን ምስሎች ማነጻጸር

ቀዳዳው ሲዘጋ ወደ ውጭ ተገፍተው የነበሩት ጠርዞች ወደ መሐል ይመለሳሉ፤ ደም ሥር አልባው ክልልም ይጠብባል፤ ብዙ ጊዜም ከጤነኛው ዓይን ያንሳል። ይህን የተመለከተ ሰው አዲስ የደም ሥር በቀለ ሊል ይችላል፤ የሆነው ግን የነበሩት ካፒላሪዎች ወደ መሐል መሰብሰብ ነው። በጥልቁ መረብ ላይ የነበሩት ጥቁር ከረጢቶችም ይጠፋሉ።

ገዳቢው ሽፋን ሲገፈፍ ሬቲናው ልል ስለሚሆን ማኩላው ቀስ በቀስ ወደ ዓይን ነርቭ ራስ ይሳባል። በሰፊው ምስል ላይ ከነርቩ ራስ እስከ ፎቪያ ያለውን ርቀት በፊትና በኋላ ቢለኩ ማጠሩን ያገኙታል፤ በጆሮ በኩል ያለው የሬቲና ክፍልም ይሳሳል። በሬቲናው ገጽ ላይ በሚወሰደው ምስል ደግሞ የነርቭ ክሮቹን መንገድ የተከተሉ ቀስታማ ጥቁር ሰረዞች ከጥቂት ወራት በኋላ ሊታዩ ይችላሉ። እነዚህ ከሽፋኑ መገፈፍ በኋላ የሚጠበቁ የገጽ ለውጦች ናቸው፤ እንደ ደም ሥር መዘጋት ተቆጥረው ታካሚው ሳያስፈልግ ሊደናገጥ አይገባም።

በጣም የሚያሳስተው የዓይን ሞራ ነው። ከቪትሬክቶሚ በኋላ የዓይን ሞራ በፍጥነት ይጠነክራል፤ ስለዚህ በስድስተኛው ወር የደም ሥር ጥግግት ቀንሶ ቢታይ ምክንያቱ ሞራው ምስሉን ማደብዘዙ ሊሆን ይችላል። ሞራው ከወጣ በኋላ ደግሞ ጥግግቱ ድንገት ጨምሮ ይታያል። እያንዳንዱን ቁጥር ከምልክት ጥንካሬው ጋር አብረው ይጻፉት፤ የጥራት ልዩነታቸው ሰፊ የሆነ ሁለት ምስሎችን ጥግግት አያነጻጽሩ። ደም ሥር አልባው ክልል ግን በጥራት መለዋወጥ በመጠኑ ያነሰ ስለሚናወጥ የበለጠ እተማመንበታለሁ።

ታካሚው «ዓይኔ ይመለስልኛል ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱን ከደም ሥሩ ምስል ብቻ አይስጡ። እይታ ምን ያህል እንደሚመለስ ይበልጥ የሚያመለክተው በተለመደው ኦሲቲ ላይ የሚታየው የብርሃን ተቀባይ ሕዋሳት ንብርብር መልሶ መያያዝ ነው፤ የቀዳዳው ስፋትና የቆየበት ጊዜም ትልቅ ድርሻ አላቸው።

ዐሥረኛ እርምጃ፦ ማስቀመጥና መላክ

መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ቅኝቱ ሳይቀመጥ ሊጠፋ ስለሚችል መሣሪያው በዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጊዜው ኤሌክትሪክ በሚሰጥ ባትሪ) ላይ ይሁን። የተስተካከለውን ሥዕል ብቻ ሳይሆን ጥሬውን ፋይል በሁለት ቦታ ያስቀምጡ፤ የፋይሉ ስያሜ የካርድ ቁጥር፣ የዓይኑ ጎን፣ የቅኝቱ ስፋትና ቀን ይኑረው። ቀኑ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይሁን ወይም በአውሮፓ አቆጣጠር በግልጽ ይጻፍ፤ መሣሪያው የሚያትመው የአውሮፓውን ሲሆን ካርዱ ላይ ያለው የእኛ ስለሚሆን የክትትሉ ወራት በቀላሉ ይምታታሉ።

ታካሚው ወደ አካባቢው ሲመለስ በእጁ የሚይዘው ወረቀት የፊትና የኋላ ምስሎችን ጎን ለጎን፣ ደም ሥር አልባው ክልል የነበረውንና ያለውን ስፋት፣ የምልክት ጥንካሬውን፣ የጋዙን ዓይነት ከሚጠፋበት ጊዜ ጋር፣ የዓይን ግፊቱንና ቀጣዩን ቀጠሮ ይያዝ። የተቀበለው ባለሙያ በየቀጠሮው ሁለተኛውንም ዓይን ይመርምር፤ ቪትረሱ በዚያኛው ዓይን ማኩላውን ገና አልለቀቀ እንደሆነ በዚያም ቀዳዳ ሊከፈት ስለሚችል መስመር መጣመም ወይም የመሐል ፊደል መጥፋት በተሰማ ጊዜ ቀጠሮ ሳይጠበቅ ለኦሲቲ ይላክ።